ያልወደቀ መርፌ

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ለቀጮ፣

አስተማሪዬ ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል ብላ አስተምራናለች። አንተ ግን ስለ ጤናህ ስትጠየቅ እውነቱን ስለማትናገር ያንን ዘልዬዋለሁ። እኔ አለሁ። የስፌት መኪናዬም አለች፤ መርገጫዋ ብቻ እንደኔ ጉልበት ይንቋቋል።

ስልክ ለምን እንደማላነሳ ጠይቀሃል። ተቆጥቼ አይደለም። ስልክ ላይ «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» እያልክ ወሬውን ትቆርጠዋለህ። ወረቀት ላይ ግን ሳልጨርስ ልታቋርጠኝ አትችልም። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያነብልኝ ኖሬ ፊደል ከቆጠርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሁን ተራው የኔ ይሁን። ያኔ ደብዳቤህን የሚያነብልኝ ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው የራሱን ነገር ይጨምርበት እንደነበር ታውቃለህ? ራሴ ማንበብ ስጀምር የድሮዎቹን ከሣጥን አውጥቼ አየኋቸው። «ለጫማ ሰፊው ልዩ ሰላምታ አቅርቢልኝ» የሚል አንድም ቦታ የለም።

ለልጅህ ምረቃ ሁለት ሱሪ በዚያው በድሮው ልክ እንድሰፋልህ ጽፈሃል። ጨርቁን መርጫለሁ፤ ጠቆር ያለ ግራጫ ነው፤ ቶሎ አይነጣም። ምረቃው ሰኔ ከሆነ ጊዜ አለን።

ከፊርማህ በታች በትንንሽ ፊደል የጻፍከውን ነገር ግን አንብቤ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ደረትህን ያዝ አድርጎህ ሐኪም ቤት ሄደሃል። ሐኪሟ በእጅህ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብታ የልብህን ደም ሥሮች ልታይ ፈልጋለች። አንተ ደግሞ «እኔ ቀጮ ነኝ፣ የወፍራም በሽታ ምን ቤቴ ያደርሰዋል» ብለህ ስቀህ ወጥተሃል። ዋናውን ነገር ከፊርማ በታች መጻፍ የት ነው የተማርከው? እኔ እንኳ፣ አልተማረችም የምባለው፣ ዋናው ነገር ከላይ እንደሚጻፍ አውቃለሁ።

የሰጠችህን ፎርም ለመሙላት አባታችን በስንት ዓመቱና በምን እንደሞተ ጠይቀሃል። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። አንተ ስድስት፣ እኔ አሥራ አራት። በምን እንደሞተ እናታችን ነግራሃለች። እኔ የምጨምረው የለኝም።

ጫማ ሰፊው ሰላም ብሎሃል። በትክክል ያለው «ያ ቀጮ አሁንም ቀጭን ነው ወይ?» ነው። «ጫማህን ስፋ» አልኩት።

ታላቅ እህትህ፣ በገዛ እጇ


ጥቅምት 24

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽን መዝገብ ቤት ላሉት ሁሉ አሳየኋቸው። ጸሐፊዋ አየችና «ኃላፊ፣ ከእርስዎ እጅ ጽሑፍ ይሻላል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የኔን የሚያነቡት እነሱ ናቸው፣ ይወቁት።

ፎርሙን ሞላሁት። ሠላሳ ዓመት የሰው ፋይል ስጠብቅ ኖሬ የራሴ ፋይል ሲከፈት ማየት ደስ አይልም። ሲጋራ የሚለው ላይ «ትቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። «በቀን ሦስት» ብዬ አስተካከልኩ። ሐኪሟ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ሦስት ፍሬ ነው ሦስት ፓኮ?» አለች። ምላስ አላት። የልጄ እኩያ ናት።

የደም ግፊቴ መቶ ስድሳ በመቶ ነው አለች፤ ደረጃ ወጥቼ መምጣቴ ነው አልኳት። ስኳሬ ከፍ ብሏል አለች፤ ያን ሳምንት ሰው ቤት ተጋብዘን ነበር አልኳት። በደሜ ውስጥ ያለው መጥፎ ስብ በዝቷል አለች፤ ጥሩውስ አልኳት። ጥሩው አንሷል አለች። «በቤተሰብ በልብ ሕመም የሞተ አለ?» ስትል «የለም፣ አባቴ ከመሰላል ወድቆ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

የተጣላነው ወገቤ ላይ ነው። በሜትሯ ለክታ መቶ ስድስት ሴንቲሜትር አለች። «ሜትርሽ አርጅቷል፣ ተለጥጧል» አልኳት። ከሰርጌ ጀምሮ የምለብሰው 32 ቁጥር ነው፤ ምልክቱን ገልጬ አሳየኋት። 32 ቁጥር በሴንቲሜትር ሰማንያ አንድ ነው፤ ሒሳብ እችላለሁ። እሷ ምን አለች መሰለሽ? «ጋሼ፣ እኔ የማክመው ሱሪዎን አይደለም።»

እኔ በሰነድ የማምን ሰው ነኝ። ስለዚህ እንዲህ አድርጊልኝ። አባታችን ያስተማረሽ ክሮች አሉ አይደል? ፊደል ሳታውቂ በፊት ለእያንዳንዱ ደንበኛ የምትቋጥሪው፣ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ወገብ፣ እስከ ሁለተኛው ዳሌ። የኔን ከሰርጌ ቀን ጀምሮ እንዳስቀመጥሻቸው አውቃለሁ። ልካቸውን በወረቀት ጽፈሽ፣ ፈርመሽ ላኪልኝ። ሐኪሟ ፊት አስቀምጠዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ወገቡ ያልተነቃነቀ ሰው ልቡ ውስጥ ቱቦ አይገባም። ቀጠሮው ታኅሣሥ 12 ነው፤ ካልሄድኩ ቦታዬን ለሌላ ታማሚ ይሰጡታል። ወረቀትሽ ከደረሰኝ ባልሄድ ይሻለኛል።

ወንድምሽ


ኅዳር 6

ለወንድሜ፣

ስለዘገየሁ አትቀየመኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ምንም አላመመኝም። ያንተን ፎርም ሳስብ የራሴ ወገብ ስንት እንደሆነ አለማወቄ ገረመኝ። የአገር ሰው ስለካ ኖሬ እኔን የለካኝ የለም።

ነርሷ «እማማ፣ ክንድዎን ያንሱልኝ» ብላ ሜትሩን በቀሚሴ ላይ ጠመጠመችው።

«ልጄ፣ ማንን ነው የምትለኪው? ቀሚሴን፣ ሹራቤን ነው ወይስ እኔን?» አልኳት።

«ኧረ እርስዎ ደግሞ!»

«ልብስ ሰፊ ነኝ። ደግሞም ወገብ እዚህ ነው» ብዬ ሱሪ የሚታሰርበትን ቦታ አሳየኋት።

«እሱ የልብስ ሰፊ ወገብ ነው፣ እማማ። የእኛ ከመጨረሻዋ የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሃል ነው። አሁን ትንፋሽዎን ያስወጡ። ሆድዎን እንዳይስቡት።»

አርባ ስምንት ዓመት ወገብ ስለካ ኖሬ ወገብ የት እንዳለ አንዲት ልጅ አስተማረችኝ። ነገሩን እየተመለስኩ አሰብኩበት። ሆዱ የሚገፋ ወንድ ሱሪውን ከሆዱ በታች ያወርደዋል። ሆዱ ከመቀነቱ በላይ ያድጋል፤ እሱ ግን መቀነቱን እያየ እንዳለሁ ነኝ ይላል። ስንቱን እንዲህ አልብሼ ሸኝቼዋለሁ።

የኔን ውጤት ጠይቀሃል ብዬ ልገምት፤ ባትጠይቅም እነግርሃለሁ። ግፊቴ መቶ ሃምሳ በዘጠና አምስት። ስኳር የለኝም። የስቡ ውጤት ገና ነው። ጨው ቀንሺ አለችኝ። በሕይወቴ ሌላ ምን የበዛልኝ ነገር አለና እሱ ይቀነሳል?

ስለ አባታችንም ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ካርዴ ላይ ጻፈችው። ከጠረጴዛው ወዲህ ሆኜ ተገልብጦ አነበብኩት፤ «አይታወቅም» ይላል። ፊደል ባልቆጥር ኖሮ ይህን አላይም ነበር። መማር ሁልጊዜ ጥቅም አለው የሚሉት አስተማሪዎች ብቻ ናቸው።

ክሮቹን እየፈለግኩ ነው። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ዕቃው ብዙ ነው።

እህትህ


ኅዳር 20

ለእትዬ፣

አንድ እፍኝ ክር ለመፈለግ ሳምንታት? መዝገብ ቤት ውስጥ የምትሠሪ ብትሆኚ ማስጠንቀቂያ እጽፍልሽ ነበር።

ሐኪሟ ስላዘዘችልኝ መድኃኒት መጠየቅሽ አይቀርም፤ አዎ፣ ገዝቻለሁ። አዎ፣ ገና ከማሸጊያው አልወጣም። የሚዋጡት አራት ዓይነት ናቸው፤ ጤነኛ ሰው አራት ዓይነት ክኒን እንዴት ይውጣል? ባለቤቴ ካኮረፈችኝ ሳምንት አልፏታል። «ካልሄድክ ለእትዬ እደውላለሁ» ትላለች። ስልክ እንደማታነሺ ስነግራት ይበልጥ ተናደደች።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። ትናንት ሊፍቱ ተበላሽቶ በእግሬ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ደከመኝ። ደረቴ ላይ ሰው የቆመ ይመስል ነበር። ሠራተኞቼ ከኋላ እየመጡ ስለነበር ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጎንበስ አልኩና ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ሁሉም «ኃላፊ፣ እንደምን አደሩ» እያሉ አለፉ። ካለፉ በኋላ ጫማዬን ሳየው ለካ ያደረግኩት ገመድ የሌለውን ነው! ብቻዬን ሳቅኩ።

ቀጠሮው እንደነገርኩሽ ነው። ወረቀቱን በቶሎ ላኪልኝ። ካልሆነም ቁርጡን ንገሪኝና ያለ ሰነድ ልከራከር።

ወንድምሽ


ኅዳር 28

ለወንድሜ፣

ክሮቹ አልጠፉም። ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ምስማር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ቀና ባልኩ ቁጥር አያቸዋለሁ። ዋሽቼሃለሁ። እስከ መጨረሻውም ልዋሽ አስቤ ነበር። ሐሳቤን የለወጥኩት በጫማህ ምክንያት ነው። አንተ የሚያስቅ ብለህ ስለጻፍከው ነገር ወደ ታች እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ የጠየቅከውን ሰነድ ላድርስልህ።

የአንተ ክሮች ዘጠኝ ናቸው። የሰርግህ ክር እስከ ወገብ ቋጠሮው አራት ስንዝር ሙሉ ነው። ሁለተኛው አራት ስንዝር ከአንድ ጣት። ሦስተኛው ከሁለት ጣት። አራተኛውና አምስተኛው ከአራት ጣት፤ ያኔ ታመህ ስለነበር ብዙ አልጨመርክም። ከዚያ በኋላ ኃላፊ ሆነህ ወንበር ተሰጠህ። ስድስተኛው ከስድስት ጣት፣ ሰባተኛው ከሰባት፣ ስምንተኛው ከዘጠኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት የለካሁህ ዘጠነኛው አምስት ስንዝር ሙሉ ነው። ስንዝሬን በሜትር ለክቼዋለሁ፤ ሃያ ሴንቲሜትር ነው፤ ጣቴ ደግሞ ሁለት። ይህም የሱሪ ወገብህ ነው። ሐኪሟ ከዚያ ከፍ ብላ ሆድህ ላይ ለክታ መቶ ስድስት ካገኘች ሜትሯ ደህና ነው።

32 የሚለው ምልክት እንዴት ሱሪዎችህ ላይ ኖረ ትላለህ። ገበያ ውስጥ በጥቅል ይሸጣል። ምን እንደሚል አላውቅም ነበር፤ ከሰርግ ሱሪህ ምልክት ጋር አስተያይቼ ገዛሁት፤ ከዚያ ወዲህ በሰፋሁልህ ሁሉ ላይ ከዚያ ጥቅል እየቆረጥኩ ለጠፍኩ። ከወገቡ ጀርባ ጨርቅ ትርፍ አስቀር ነበር። በጎኑ ላስቲክ እደብቅ ነበር። መቆለፊያውን ዞር አደርገው ነበር። አላወቅክም። ጥሩ ልብስ ሰፊ ነኝ።

የጀመርኩበትን ቀን ታስታውሳለህ? ሦስተኛውን ሱሪ የለካህበት ቀን ነው። ባለቤትህና ወንድሞቿ ሱቁ ውስጥ ቆመው ነበር። ሱሪው አልቆለፍ አለህ። ፊትህ ቀላና «ቁጥር የማታውቅ ሴት እንዴት ልክ ትሰፋለች?» አልክ። ሁሉም ሳቁ። አንተ ያን ቁጥር እንድታውቅ እኔ ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ መርገጫ ረግጫለሁ። ሱሪውን ተቀብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ፣ ስፌቱን ተረተርኩ፣ ሁለት ጣት ለቀቅኩት፣ መልሼ አመጣሁልህ። «ስህተቱ የኔ ነው» አልኩ። ለበስከውና ሆድህን እየመታህ «አያችሁ፣ ያው ነኝ!» አልካቸው።

ለአንተ አዝኜ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። በመጣህ ቁጥር ለክቼህ፣ አስፍቼ፣ 32 ለጥፌ ስሸኝህ፣ ልኩን የማያውቀው ማን እንደሆነ እያሰብኩ ደስ ይለኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የቆየ ደስታ ነው። ሌላ ብዙም አልነበረኝም። ጤና ጣቢያ እስክሄድ ድረስ ወገብ የሱሪ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጫማህ።

አባታችን በመጨረሻው ዓመቱ ጨርቅ ልንገዛ ስንሄድ ዳገቱ መሃል ይቆም ነበር። «መርፌ ወደቀብኝ፣ ፈልጊልኝ» ይለኛል። ተንበርክኬ ድንጋዩን በመዳፌ እዳብሳለሁ። እሱ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ፊቱ አመድ ይመስላል፤ ግንባሩ ያልበዋል። ትንሽ ቆይቶ «ተዪው፣ ኮሌታዬ ላይ ነው ለካ» ይላል። መንገድ ላይ የሚያልፉት ሰላም ይሉታል፤ እሱም ሰላም ይላቸዋል። መርፌው ጨርሶ እንዳልወደቀ የገባኝ ቆይቶ ነው። ለእናታችን ልነግራት ስል «ወሬኛ አትሁኚ» አለኝ።

አንተ ገመድ የሌለው ጫማ አሰርክ። እሱ ያልወደቀ መርፌ ፈልጊ ይለኝ ነበር። ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ እጄ ላይ የነበረውን ሥራ አስቀመጥኩ።

የሞተ ቀን የሱቁን ሰሌዳ ሊያስተካክል መሰላል ላይ ወጣ። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛው እርከን ላይ ቆመና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «መርፌ» አለ። እኔም መሰላሉን ለቅቄ ጎንበስ አልኩና መሬቱን ማየት ጀመርኩ።

ከሁለተኛ እርከን የወደቀ ሰው አይሞትም። አባታችን ወድቆ አልሞተም፤ ሞቶ ነው የወደቀው። ጎረቤት ሲሰበሰብ እናታችን ወደ ጓዳ ወሰደችኝና «ከመሰላል ወድቆ ነው በይ። የልብ በሽታ ያለበት ቤት ነው ከተባለ ማን ያገባሻል?» አለችኝ። እንዳየኸው ማንም አላገባኝም። ቃሉ ግን ተጠበቀ።

አንተ አሁን ከአባታችን በሁለት ዓመት ትበልጣለህ። ይህን ወረቀት ለሐኪሟ ስጣት። የፈለግከው ሰነድ ነው። ፈርሜበታለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 17

ለወንድሜ፣

ቀጠሮህ ካለፈ አምስት ቀን ሆነ። ደብዳቤ የለም። ትናንት ስልኬን አብርቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ እሱም ዝም አለ። ጫማ ሰፊው ሁለት ጊዜ መጥቶ «ምን አለ?» ብሎኛል። «ለአንተ ሰላምታ አልላከም» ብዬ መለስኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አልቀለደም፤ በር ላይ ትንሽ ቆሞ ሄደ።

ተቆጥተህ ከሆነ ተቆጥቻለሁ ብለህ ጻፍ። አንድ መስመር ይበቃል፤ ረጅሙን እኔ አልጠይቅህም። ሄጄ ነበር ወይም አልሄድኩም በል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልጻፍክ ለባለቤትህ እጽፋለሁ። እሷ ቢያንስ ዋናውን ነገር ከላይ ትጽፋለች።

እህትህ


ጥር 4

ለእትዬ፣

ሄጃለሁ። ዋናውን ከላይ ጻፍኩልሽ።

ቱቦው የገባው በቀኝ እጄ ነበርና መጻፍ አልቻልኩም ብዬ ልጀምር ነበር። እጄ በሦስት ቀን ድኗል። የቀረው ቁጣ ነው።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ያው ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። ሊፍቱ ተሠርቶ ነበር፤ ሆን ብዬ በእግሬ ወጣሁ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ለባለቤቴ የሰጠኋት ቀጠሮው ዋዜማ ነው። አንብባ ስትጨርስ ቦርሳ ማዘጋጀት ጀመረች።

ከልቤ ሥሮች አንዱ ዘጠና በመቶ ተደፍኖ ነበር። ከፍተው በውስጡ የሽቦ ወንፊት የመሰለ ትንሽ ቱቦ አስቀመጡበት። ሌላው ግማሽ በግማሽ ነው፤ እሱን በመድኃኒት እንይዘዋለን ብላለች። «ጋሼ፣ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ...» አለችና ቀሪውን አልጨረሰችውም። ምላሷ ሲያጥር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ክኒኖቹን እውጣለሁ። ሲጋራ የለም፤ ይህን ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ነው የጻፍኩት።

ደብዳቤሽን ለሐኪሟ ሰጠኋት። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። የክሮቹን ልክ አንድ በአንድ ወደ ሴንቲሜትር ለውጣ ካርዴ ላይ አሰፈረች፤ «አባት» ከሚለው ጎን የነበረውን ሰረዘችና አዲስ ጻፈች። ከዚያ ደብዳቤሽን ካርዴ ውስጥ አያያዘችው። መልሼ ልወስደው ስል «ሰነድ ነው፣ ጋሼ፣ አይወጣም» አለች። እኔ ነኝ ይህን ለሰው ስል የኖርኩት።

ስለ ሱሪው ስቄያለሁ። ያን ቃል መናገሬን ግን አላስታውስም። ባለቤቴ ታስታውሳለች። እሷ ካስታወሰች ብያለሁ ማለት ነው፤ ይቅር በይኝ።

ስለ አባታችን አልሳቅኩም። አርባ ስምንት ዓመት መሰላል ስፈራ ኖሬያለሁ፣ እትዬ። መዝገብ ቤት ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ፋይል በገዛ እጄ አውርጄ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ሰው እልካለሁ፤ ኩራተኛ ነው ይሉኛል። መፍራት የነበረብኝ ሌላ ነገር ኖሯል። ይህን ቁጣ ምን እንደማደርገው ገና አላወቅኩም። አንቺም ልጅ ነበርሽ። ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ ነው።

ክር ልኬልሻለሁ። እንደ አባታችን ቋጥሬዋለሁ፤ ወገብና ዳሌ። ከዘጠነኛው ጋር አስተያዪው፤ አምስት ጣት ሳልቀንስ አልቀርም። ሱሪውን በዚህ ስፊው።

ወንድምሽ


ጥር 16

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህን ጫማ ሰፊው አጠገቤ ቆሞ ነው የከፈትኩት። «ሄጃለሁ» የሚለውን ሳነብለት «ታዲያ ፊትሽ ለምን ተለወጠ?» አለ። ዓይኔ ደክሞ ነው አልኩት። እሱም የራሱን ዓይን ጠርጎ አቧራ ነው አለ። ሁለታችንም ሥራ ነበረን።

ስለ መሰላሉ ይቅርታ። ከዚህ የተሻለ ቃል አልተማርኩም። ቁጣህን የምታደርገው ካጣህ በደብዳቤ ላከው፤ ማንበብ እችላለሁ።

ጤና ጣቢያ ተመልሼ ነበር። ስቤም ከፍ ብሏል፤ እኔም ክኒን ጀምሬያለሁ፤ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ አንተ በዚህም ትበልጠኛለህ። ለነርሷ ካርዱን እንድታወጣልኝ ነገርኳት። «አይታወቅም» የሚለውን አሳይቻት «ይህ ስህተት ነው» አልኳት። «ምን ልበል እማማ?» አለች። እስክሪብቶውን ከእጇ ተቀበልኩና ራሴ ጻፍኩት፤ አባት፣ ልብ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ። ወንድም፣ ልብ፣ በሃምሳ አራት፣ ታክሟል። ቦታው ጠባብ ነበርና የመጨረሻው ቃል ከሳጥኑ ወጥቷል።

አሁን ስለ ክርህ።

የላክህልኝ የባለቤትህ የሹራብ ክር ነው። የሹራብ ክር ይለጠጣል፤ ሲለቁት ይሰበሰባል። የሐኪሟ ሜትር ተለጥጧል ያልክ ሰው እንዴት ይህን አታውቅም? ከዘጠነኛው ጋር አስተያየሁት። ወገብህ አምስት ጣት ቀንሷል። ዳሌህ ደግሞ አራት ጣት። ዳሌ አጥንት ነው፣ ቀጮ። ከታከምክ ወዲህ በሃያ ሁለት ቀን አራት ጣት ለቀነሰ ዳሌ እስካሁን ሰፍቼ አላውቅም። ስለዚህ አራቱ ጣት የክሩ ነው። የቀረችው አንዷ ጣት ብቻ ናት። እሷን እውነት ቀንሰህ ይሁን ሆድህን ስበህ፣ ከዚህ ሆኜ ላውቅ አልችልም።

የ32 ቁጥሩን ጥቅል ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። በአዲሱ ሱሪ ላይ ቁጥሩን ራሴ በመርፌና በክር እጽፍበታለሁ፤ የሚመጣው ምንም ይሁን ምን።

ከዚህ ጋር ሲባጎ ልኬልሃለሁ። አይለጠጥም። ሸሚዝህን አውልቀህ፣ ቆመህ ለካ። አንዱን ቋጠሮ ሱሪህ በሚታሰርበት ለኔ፣ ሁለተኛውን ከመጨረሻዋ የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሃል ለሐኪሟ። ሳትቋጥር በፊት ትንፋሽህን አስወጣ። ሆድህን አትሳበው፣ ተወው፣ እንዳለ ይሁን። ማንም አይስቅብህም።

ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ መቀሱም አጠገቡ ነው። ሲባጎው እስኪመለስ አልቆርጥም።

እህትህ